ወሬኛው ደረሰኝ

ስሙማ። በ1933 ዓ.ም. በጋ ጣሊያንን ለማስወጣት ከሱዳን ተነስቶ በበላያ በኩል ጎጃም የገባው የጌዴዎን ጦር ጓዙን ያመጣው በግመል ነበር። ግመሎቹ ደጋውን አልቻሉትም። ዳገቱና ቅዝቃዜው ፈጃቸው፤ ጦሩ ያለፈበት መንገድ በሬሳቸው ይታወቅ ነበር። ከጫኑት መካከል ጥይት አለ፣ ስንቅ አለ፣ ጠገራ ብርም አለ። ጠገራው ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ የጎጃም ገበሬ በጉንና እህሉን በወረቀት አይሰጥማ! ገንዘብ ማለት ድንጋይ ላይ ሲጥሉት የሚጮህ፣ የማርያ ትሬዛ ጌጥ ላይ ያሉት ፍሬዎች አንድ በአንድ ተቆጥረው የሚታመን ነገር ነው።

ያ ጠገራ ትውልዱ ኦስትሪያ ነው። እኛ ገበያ ላይ ጠገራ እየቆጠርን ሳለ፣ እዚያው ቪየና በ1883 እ.ኤ.አ. የፖስታ ቁጠባ ባንክ ተከፈተና ሰዉ ብር ሳይነካ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ መክፈል ጀመረ። ብሩን ለእኛ ልከው እነሱ በወረቀት ተገላገሉ። ያ ነገር የእኛዋ የጎጃም ከተማ ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ሲደርስ ደግሞ ወረቀቱን እንኳ ጥሎ በስልክ መጣ።

እኔ የማወራችሁ ሲደርስ የሆነውን ነው። ግን ጎጃሜና ደረሰኝ ምን እንዳላቸው አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ኋላ የሚመጣው አይጥማችሁም።

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ ጎጃም አልከፍልም አለ። ለገንዘቡ ሳስቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ገማቾች መሬቱን ሊያዩና ሊመዘግቡ ሲመጡ፣ ዛሬ ገምተው ነገ ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ሰጋ። ሞጣ ተነሳ፣ ሌላውም ተከተለ። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሱ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ይህን በሰፊው ጽፈውታል፤ ዝርዝሩን ለእሳቸው እተዋለሁ። እዚህ አገር ክፍያ ብር ሰጥቶ መሄድ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማን ተቀበለ? በማን ስም ተጻፈ? ወረቀቱስ የት አለ? የግብር ደረሰኝ በመሬት ክርክር ዳኛ ፊት የሚዘረጋ ማስረጃ ነው፤ አባት ለልጅ ያወርሰዋል። ዛሬም ጃቢ ጠህናን ወይም ወንበርማ ገብታችሁ አንዱን ቤት ብታዩ፣ የመሬት ደብተሩ፣ የግብር ደረሰኙና የማዳበሪያው ወረቀት በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው አይጥ የማይደርስበት ቦታ ተሰቅለዋል።

ወደ ከተማው እንምጣ። የፍኖተ ሰላም ሰው የመብራት ሂሳቡን ባንክ ሲከፍል፣ የወር መጨረሻ ማለት ቀን ማቃጠል ማለት ነበር። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አስፋልት ይነካል። ደመወዝ የገባለት መምህር አለ። በርበሬውን ቡሬ ሸጦ ብሩን በጋቢው ጫፍ የቋጠረ ገበሬ አለ። ልጇ ከአረብ አገር የላከችላትን የምትጠብቅ እናት አለች፤ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት አጽፋ መዳፏ ውስጥ ጨብጣዋለች፣ ላቧ ቀለሙን ሊያጠፋው ነው። የመብራት ከፋዩ ከእነዚህ ሁሉ እኩል ይቆማል፣ የሚከፍለው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። ተገፍቶ፣ ተራ ከነጠቀው ጋር ተጨቃጭቆ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ልጅ ቀና ትልና «ሲስተም የለም» ትለዋለች። አንድ አዛውንት ይህን ደጋግመው ሰምተው ሰምተው፣ «ይኸ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ ደመወዙን እየበላ ለምን ሥራ አይገባም?» ብለው ተቆጡ ይባላል። ወሬው በየከተማው ስለሚወራ የማን አዛውንት እንደሆኑ አልከራከርም።

አዲስ አበባ በበኩሏ ሌላ ነገር ሞክራ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ክፍያ ፋይናንሺያል ቴክኖሎጂ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ «ለሁሉ» የሚባሉ ማዕከላት ከፈተ፤ ውሃ፣ መብራትና ስልክ ባንድ ጣሪያ ሥር ይከፈል ጀመር። በ2011 የመብራቱ ክፍያ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዞረ። ባንኩ ሲቢኢ ብር የሚለውን የስልክ ገንዘብ የጀመረው ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በ2010 ነው። በእኛ ክልል ደግሞ አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ኤም ብር በሚባለው የስልክ ገንዘብ መንገዱን ጀምሮት ነበር። ነገሩን የሁሉም ሰው ነገር ያደረገው ግን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ያወጣው ቴሌብር ነው። በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ድርጅቱ የቴሌብር ደንበኞቼ ከ54 ሚሊዮን በላይ ናቸው ብሏል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመብራት አገልግሎቱ ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት የሚይዝ መዝገብ አለው። ድሮ በአንተና በመዝገቡ መካከል ባንክ ቤቱ፣ መስኮቱና ልጅቷ ነበሩ። አሁን ስልክህ ራሱ መዝገቡን ይጠይቃል። ኮከብ፣ 127፣ መሰላል ብለህ ትደውላለህ፤ ንግድ ባንክ ከሆንክ ኮከብ 847 መሰላል። የደንበኛ ቁጥርህን ትጽፋለህ፤ ዕዳህ ይመጣል፤ የሚስጥር ቁጥርህን ስታስገባ ብሩ ከሂሳብህ ወጥቶ ዕዳህ ይዘጋል። ከፋዩን ካስከፋዩ የሚያገናኙ ሥርዓቶችም መሀል ላይ አሉ፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሠራው «ደራሽ» አንዱ ነው። ወደን ብቻ አይደለም የለመድነው። መንግሥት ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ፣ ከግንቦት 1 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በጥሬ ብር አይቀዳም ሲል፣ ስልኩን ለዘፈን ብቻ ይይዝ የነበረው የባጃጅ ሾፌር ሁሉ መክፈያ አደረገው።

ከዚያ ሦስት ወር አልሞላም፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ የጠፋው ደግሞ ለወራት ነው። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ የደረሰውን ጥቃት የዚህ ወሬ ማጣፈጫ አላደርገውም፤ የሞቱት በመብራት ሂሳብ መሀል የሚነሱ አይደሉም። የክፍያውን ብቻ ልንገራችሁ። ሰፊ መስታወት ያለው ውድ ስልክ የያዘው ሰው መተግበሪያውን ቢነካካ ቢነካካ የሚሽከረከር ክብ ብቻ አየ። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ግን ኮከብና መሰላሉን ተጭኖ ከፈለ። ኮከብና መሰላሉ በኢንተርኔት ሳይሆን ጥሪ በሚያገናኘው ኔትወርክ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ መደወል ካልተቋረጠ ክፍያውም አይቋረጥም። ልጆቹ ሲያላግጡበት የከረሙት የአባትዬው ስልክ የቤቱ ባንክ ሆነ ማለት ነው። መደወል ራሱ በተቋረጠ ቀን ደግሞ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ተቀመጠ፤ የባንክ ቅርንጫፉም አብሮ ተቀመጠ፣ ባንኩም ቢሆን ያለ ኔትወርክ አራት ግድግዳ ነው። መንገድ በሚፈራበት ሰሞን ግን ብር በኪስ ይዞ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ከመጓዝ ብሩን በስልክ አስቀምጦ ባዶ ኪስ መጓዝ የሚያሳርፍ መሆኑን ያልተቀበለ ሰው አላጋጠመኝም። ክርክሩን ያሸነፈው ማስታወቂያው ሳይሆን መንገዱ ነው።

ጥርጣሬው ያን ያህል በቶሎ አልሞተም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ሰዎች ሂሳባቸው ላይ የሌለ ብር ሲያወጡ አደሩ፤ ባንኩ የተንቀሳቀሰው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው አለ፣ አብዛኛውንም አስመለሰ። ጎጃም ላይ የተነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ሳይኖር ማውጣት ከተቻለ እያለስ ማጣት አይቻልም ወይ?

አሁን ወደ አንዲት የፍኖተ ሰላም ሱቅ ልውሰዳችሁ። መናኸሪያ አካባቢ ናት፤ ሳሙና፣ ሻማና የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፣ ገንዘብ ታስገባለች ታስወጣለች። በገበያ ቀን ከመደርደሪያው ሥር የሚታየው ነገር ነው ደስ የሚለኝ፤ የገጠሩ ሰው ስልክ ቻርጅ ሊደረግ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ጀርባው ላይ በፕላስተር የባለቤቱ ስም ተለጥፎበት፣ ገመዱ እንደ ሐረግ ተጠላልፎ። ከእነዚያ ስልኮች ባለቤቶች ብዙዎቹ ቤታቸው መብራት የለም። ለእነሱ በስልክ መብራት ክፈሉ ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ስልኩ የሚያስፈልጋቸው ለሌላ ለሌላው ነው።

አንድ ሽማግሌ ግን ከተማ ውስጥ ቤት አላቸው። እሳቸው የሚኖሩት ከጅጋ ወጣ ብሎ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለውን ቤት ክፍል ክፍሉን ያከራያሉ፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ ባጃጅ ሾፌር፣ ከገጠር ለትምህርት የመጡ ሁለት ተማሪዎች። ቆጣሪው አንድ ነው። ሂሳቡን ሽማግሌው ይከፍሉና ለተከራዮቹ ያካፍላሉ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ስለተወሰነ ደግሞ የዛሬው ሂሳብ ከትናንቱ አይገጥምም፤ ማካፈሉ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው።

እና ሱቋ ገቡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደገፉ፣ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሱቋን ለሚጠብቀው ልጅ ሰጡት። ልጁ የደንበኛ ቁጥሩን ከአሮጌ ቢል ላይ እያየ ጻፈ። ከዚያ ስልኩን መለሰላቸው።

«አባቴ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ።»

«አንተው አስገባው እንጂ! የእኔ ዓይን የት ያያል?»

«ኧረ አባቴ፣ ለሰው አይነገርም እኮ።»

«ለሰው ካልተነገረ ማን ሊያስገባልኝ ነው?»

ልጁ መልስ አጣ። ሽማግሌው ጎንበስ አሉና በጆሮው ሹክ አሉት። ጆሮው የደከመ ሰው ሹክ ሲል ምን ያህል እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። እኔ ሰማሁ፣ ሳሙና ልትገዛ የቆመችው ሴት ሰማች፣ ከማዶ ያለው ሥጋ ሻጭም የሰማ ይመስለኛል። የታላቅ ልጃቸው የተወለደበት ቀን ነበር። ልጁ አፍሮ አስገባው። ስልኩ ጢጥ አለ።

«ተከፍሏል አባቴ።»

«ደረሰኙስ?»

«ይኸው መልእክቱ፣ እዚሁ ስልክዎ ላይ።»

«ስልኩ ቢጠፋ?»

«ቴሌ ይኖራል።»

«ቴሌ ከእኔ ጋር ቀበሌ ይሄዳል?»

ይኼኔ ልጁ ከመሳቢያው ደብተር አወጣ። ለካስ ልማዱ ነው። ቀኑን፣ የብሩን መጠንና ያንን ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተቀላቀለበትን የክፍያ መለያ በእስክሪብቶ ገለበጠ፤ ቀደደና ሰጣቸው። እሳቸው ወረቀቱን በብርሃኑ አንጻር አይተው፣ «ማህተም የለውም» አሉ። ልጁ የሱቁን ማህተም መታበት። በየትኛውም ሕግ ያ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም፤ እሳቸው ግን አራት አጥፈው ፌስታላቸው ውስጥ ከመሬት ደብተሩ ጋር ከተቱት።

መስኮቱ ቀረ ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ አልቀረም ባይ ነኝ። ከባንክ ወጥቶ ሱቅ ገባ፣ ከሱቅም ወጥቶ ጎረቤትና የቤት ልጅ እጅ ላይ አረፈ። የባንኳ ልጅ የሰው ሂሳብ እንዳታወራ የሥራ ግዴታ አለባት፤ ብታወራ እንጀራዋን ታጣለች። ባለሱቁ፣ የጎረቤት ልጅ፣ አማችና ተማሪ ይህ ግዴታ የለባቸውም። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች አንድ ስልክ፣ አንድ ባለቤት፣ ሁለት የሚያይ ዓይን፣ የሚያነብ ሰው አድርገው ነው ያሰቡት። እኛ አገር ስልኩ የቤተሰብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ባል ይዞት ይወጣል፣ ሚስት ብሩ ስንት እንደሆነ የምታውቀው ባል ሲነግራት ነው። በባንክ ደብተር ጊዜ ቢያንስ ደብተሯን ከሳጥኗ ሥር መደበቅ ትችል ነበር። ይህን ስል ሰልፉ ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ ከሽንዲ መብራት ሊከፍል ቀኑን የሚያቃጥል ሰው እንዳይኖር የሚያደርግ ነገር ሁሉ ይባረክ። ያልተነገረለት ዋጋ አለው ነው የምለው፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ማንበብ የማይችለው ሰው ነው።

የሽማግሌው ነገር እንዴት እንዳለቀ ያወራኝ ተከራያቸው ባጃጅ ሾፌሩ ነው፤ እሱ ሲያወራ ቀጥ አድርጎ መንዳት ስለማይችል ከፊሉን በፍርሃት ነው የሰማሁት።

አባትዬው ያንን ማህተም የተመታበት ወረቀት ይዘው ተከራዮቹን ሰበሰቡ። ነርሷ አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የሱቅ ወረቀት ነው። ማንም ይጽፈዋል። መልእክቱን ያሳዩን» አለች። እሳቸውም ሌባ ተባልኩ ብለው ተናደዱ። «ምን እደብቃለሁ!» ብለው ስልኩን ለትንሹ ተማሪ ወረወሩለት። «አንብብ! ጮክ ብለህ አንብብላቸው!»

ልጁ ጨዋ ነው፣ አንብብ ካሉት ያነባል። ክፍል ውስጥ ቆሞ እንደሚያነብ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይህን ያህል ብር ከፍለዋል፣ ቀን ይህን፣ የክፍያ መለያ ይህን። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ትክክል ነው። ሽማግሌው ደረታቸውን ነፉ። ልጁ ግን አላቆመም፤ መልእክቱ አላለቀማ። «ቀሪ ሂሳብዎ 27,400 ብር ነው» አለና ዝም አለ።

እኒህ ሰው እኮ ከወር በፊት፣ «ኑሮ ተወደደብኝ፣ ባዶ እጄን ነኝ፣ ለእግዜር ብላችሁ ጨምሩልኝ» ብለው የክፍሉን ኪራይ ከፍ ሊያደርጉ የለመኑ ናቸው! ብሩ የበርበሬና የበቆሎ ሽያጭ ነው፤ ለማዳበሪያና ለልጅ ሠርግ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፣ እሱን የሚጠይቅ የለም። ባጃጅ ሾፌሩ ሊስቅ ፈልጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ነርሷ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች፣ «ጋሼ፣ የኪራዩን ነገር ለከርሞ ብናየው አይሻልም?» አለች። ሽማግሌው ስልኩን ከልጁ እጅ መንጭቀው ኪሳቸው ከተቱና ቡና ሳይጠጡ ወጡ። እሳቸው ደግሞ ቡና ትተው የወጡበት ቀን የለም።

በወሩ መጨረሻ እኔ ለራሴ ጉዳይ ባንክ ገባሁ። ሰልፉ እንደ ድሮው አይደለም፣ አጭር ነው፤ ወጣት የሚባል ሰው አይታይበትም። ከፊቴ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ የመብራቱን ቢል በእጃቸው ጨብጠው።

«አባቴ፣ ምነው? ስልክዎ ተበላሸ እንዴ?» አልኳቸው።

«ስልኬስ ደህና ነው።» ወደ መስኮቷ ልጅ በዱላቸው አመለከቱ። «እቺ ልጅ ያለኝን ብታይም ለተከራይ አታነብብኝም።»